የስድስት ወር ድርጎ



በዚህ ገጽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጉርብትና መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ብዕሬ ባሕር ተሻግሮ ስለ አሜሪካ መንግሥትና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ሲጽፍ ብታዩት ከመንገዱ የወጣ አይምሰላችሁ፤ ነገሩ የሚነሣው ከልጅ ጫማና ከእናት ጓዳ ነውና። ደግሞም በዘመናችን ከአሜሪካ የስልክ ጥሪ የማይጠብቅ ቤት ጥቂት ነው። የሚደውለው ልጅ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ እኛም ደኅና ከሆነ ብለን እንተኛለን። በዚያ አገር ሠርቶ የሚያድረውን ሰው የሚያስመርረው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አንጠይቅም፤ እርሱም እኛን ላለማሳዘን አይነግረንም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የላከልኝ ረጅም ደብዳቤ ነው። ስሙን አልጠራም። የሚኖረው ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ስፍራ ነው፤ በዚያ የአገራችን ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እንጀራውም በርበሬውም ከደጅ ይገኛል። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ሥራው አረጋውያንና ሕሙማን በሚጦሩበት ቤት አስታማሚነት ሲሆን፣ ተራው ሌሊት ነው። የአገሩን ዜግነት ተቀብሎ የመምረጥ መብት ካገኘም ጥቂት ዓመታት አልፈዋል።

ደብዳቤው ግን በብዙው የሚናገረው ስለ ራሱ ሳይሆን፣ አብረውት ሌሊቱን ስለሚተጉ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ነው። እኒህ ሴት ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ወላጆቹ ሊያሳድጉት ያልቻሉትን የልጃቸውን ልጅ የሚያሳድጉት እርሳቸው ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ምርጫ ቀርተው አያውቁም፤ በ2016 በርኒ ሳንደርስ የተባሉት የቬርሞንት ሴናተር ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን በተወዳደሩ ጊዜም ቤት ለቤት እየዞሩ ደጅ አንኳኩተዋል። አሁን ግን «ከእንግዲህ ወዲህ አልመርጥም፤ አርባ ዓመት መረጥሁ፤ የመረጥሁት ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ስድስት ወር ቤቴ ገብቶ ወጣ» ይላሉ። ተማሪዬም፣ «መምህር ሆይ፣ እኔ አዲስ ዜጋ ነኝ፤ እርሳቸው የአገሩ ተወላጅ ናቸው። የሚሉት ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ስለ ሆነ መልስ አጣሁላቸው። እኔስ እንደ እርሳቸው ብተወው ምን ይቀርብኛል?» ሲል ይጠይቀኛል።

ነገሩ የአሜሪካ ስለ ሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሰ ያንብብ።

አስቀድሜ አንድ ቃል ልፍታ። እኒህ ሴት በአገራቸው አነጋገር ወደ ግራ ያዘነበሉ ከሚባሉት ወገን ናቸው። ይህ ቃል በእኛ ጆሮ ሲገባ የሚቀሰቅሰው ትዝታ ሌላ ነው፤ አብዮቱን፣ የደርግን አዋጅ፣ የተወረሰውን ቤትና በየመንገዱ የወደቀውን ወጣት ያስታውሰናል። በአሜሪካ ግን ግራ የሚባለው ሰው አብዛኛው የማንንም ቤት ልውረስ አይልም። የሚጠይቀው ሕመምተኛ በገንዘብ እጦት ከሐኪም ደጅ እንዳይመለስ፣ የሠራተኛ ደመወዝ የቤት ኪራይ እንዲችል፣ ባለጸጋውም እንደ ሀብቱ መጠን ግብር እንዲያገባ ነው። ሳንደርስ ራሳቸውን ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊስት ብለው ቢጠሩም፣ ለምሳሌ የሚጠቅሱት ዴንማርክንና እርሷን የመሰሉትን አገሮች ነው። ይህን ሳንለይ ብናነብ የሴትዮዋን ኀዘን አንረዳውም።

እንግዲህ ስድስቱ ወር ምን እንደ ነበሩ ልንገራችሁ።

በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ቤት ከሚከፍለው ግብር ላይ በየልጁ የሚቀነስለት ገንዘብ አለ። ሕጉ በ1997 የወጣ ሲሆን፣ መጠኑ እያደገ ሄዶ በ2021 መግቢያ ላይ ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን የተሠራበት አኳኋን እንግዳ ነው። ገቢው ደኅና የሆነ ወላጅ ሙሉውን ያገኛል፤ ገቢው እጅግ ያነሰው ከፊሉን ብቻ ያገኛል፤ ጨርሶ ሥራ ያጣው ምንም አያገኝም። ይበልጥ ለተቸገረው ያነሰ መስጠት ማለት ነው። ማርች 11 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በኮሮና በሽታ ምክንያት የወጣውን የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር ሕግ ሲፈርሙ ይህ ሥርዓት ለአንድ ዓመት ተለወጠ። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ላለው 3,000 ዶላር ሆነ። ድኻውም ሙሉውን እንዲያገኝ ተደነገገ። ከዚህም ሌላ የገንዘቡ እኩሌታ የዓመቱን ግብር ማስታወቂያ ሳይጠብቅ በየወሩ እንዲከፈል ተደረገ፤ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ለታናሹ ልጅ በወር 300፣ ለታላቁ 250 ዶላር። በዚህ አኳኋን ከ60 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ልጆች ደረሰ።

እኔ ይህን ገንዘብ ድርጎ ብዬዋለሁ። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ያለፈ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ምጽዋት ሰጪው ልቡ ሲራራ የሚሰጠው ነው፤ ድርጎ ግን ቀኑ ታውቆ፣ ተለክቶ፣ ለሚገባው ይሰፈራል። አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ሰው የሁለቱን ልዩነት በሆዱ ያውቀዋል። አሜሪካዊቷ ለተማሪዬ ያሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ «መስኮት ፊት አቁሞ ድኻ ነሽን? መስክሪ! ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉት።

በገንዘቡ ያደረጉትን አንድ በአንድ ነግረውታል፤ እርሱም ጽፎልኛል። በመጀመሪያው ወር የተጠራቀመውን የመብራት ዕዳ ከፈሉ። በሁለተኛው ለልጁ ጫማ ገዙ፤ ልጁ ጫማው ጠብቦት ተረከዙን እየረገጠ እንደ ነጠላ ጫማ ሲጎትተው ከርሞ ኖሮ፣ ሴት አያቱ እንዳይጨነቁ አልተናገረም ነበር። በሦስተኛው መነጽር፣ በአራተኛው የክረምት ካፖርት ተገዛ። በአምስተኛው ወር ግን ምንም አልገዙም። ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ ማየት ብቻ ደስ አሰኛቸው፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ከወር ወር የተረፈ ገንዘብ አይተው አያውቁም ነበርና። ሥራቸውን አንድ ሌሊት እንኳ አላጓደሉም።

ተማሪዬ ግን አጓድሏል። ይህን ሳይሸሽግ ስለ ጻፈልኝ አመሰግነዋለሁ። ያን ጊዜ ትንሿ ልጁ አራት ዓመቷ፣ ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነበረና በወር 550 ዶላር ይደርሰው ጀመር። በሳምንት ስድስት ሌሊት ይሠራ የነበረው ሰው የቅዳሜውን ሌሊት ተወው። የቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ሆኖ በኖረበት ዘመን እሑድ ጠዋት ከሥራ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ በቁሙ እንቅልፍ ይጥለው ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ብቻዋን ትሄድ ነበር። በእነዚያ ስድስት ወሮች ግን ቅዳሜ ማታ ከልጆቹ ጋር ራት በላ። ለትልቁ ልጁ ፊደል ማስቆጠር ጀመረ፤ ልጁ ከ«ሀ» ተነሥቶ «ቀ» ቤት ደረሰ። በጃንዩዋሪ 2022 ድርጎው ሲቀር ወደ ቅዳሜ ሌሊቱ ተመለሰ። ፊደሉም እዚያው «ቀ» ላይ ቆመ።

የዚያን አገር የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ቁጥር ደግሞ እነሆ። የመንግሥት እርዳታንም አስቦ ድህነትን በሚለካበት መስፈሪያ፣ በ2020 ከመቶ ልጆች 9.7 ድኾች ነበሩ። በ2021 ይህ ቁጥር ወደ 5.2 ወረደ፤ በዚያ መለኪያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ይህ ነው። በ2022 ወደ 12.4 ወጣ። በሰው ቁጥር ቢነገር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህል ልጆች ወደ ድህነት ተመለሱ ማለት ነው። በዚያ ዓመት አገሩን ጦርነት አልመታውም፤ ረኃብም አልገባበትም። ሌሎች የኮሮና ጊዜ እርዳታዎችም አብረው አለቁ፤ የኑሮ ውድነትም ተጨመረ፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት የአንድ ሕግ ቀን ማለፉ ነው።

የሴትዮዋ ምሬት እንግዲህ ከዚህ ይመነጫል። ከቶ ያልተሞከረ ነገር ቢሆን ኖሮ «አይቻልም» ብሎ መጽናናት ይቻል ነበር። ተሞከረ፤ ሆነ፤ ደግሞም ተለክቶ ታየ። ከዚያ በኋላ ቀረ።

እንዴት ቀረ? አሜሪካ ሁለት ምክር ቤቶች አሏት። በቀድሞው ፓርላማችን ስም ልጥራቸውና፣ አንዱ በሕዝብ ብዛት የሚመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ሴኔት የሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ድርጎውን ለተጨማሪ አንድ ዓመት የሚያዘልቀውን ሰፊ ሕግ ኖቬምበር 19 ቀን 2021 በ220 ድምፅ በ213 ላይ አሳለፈው። በሴኔቱ ግን ያን ጊዜ ከ100 ወንበር 50ው የዴሞክራቶችና ከእነርሱ ጋር የሚቆሙት፣ 50ው የሪፐብሊካኖች ነበር። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን የዚያን ጊዜዋ ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ይለዩት ነበር። ሪፐብሊካኖቹ ሁሉ ስለ ተቃወሙ፣ ከዴሞክራቶቹ አንድ ሰው ቢጎድል ሕጉ ይወድቃል። አንድ ሰው ጎደለ። የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ጆ ማንችን ዲሴምበር 19 ቀን በቴሌቪዥን ቀርበው ሕጉን ሊደግፉት እንደማይችሉ ተናገሩ። የመጨረሻው ድርጎ የተከፈለው ከዚያ አራት ቀን አስቀድሞ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ ራሷ ከአሜሪካ ግዛቶች መካከል በድህነታቸው ከሚታወቁት አንዷ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አገር ናት።

የማንችንና የሪፐብሊካኖቹ ምክንያት ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። የዕቃ ዋጋ እየናረ ነው፤ የመንግሥት ዕዳ በዝቷል፤ እርዳታም ከሥራ ጋር መያያዝ አለበት አሉ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የኢኮኖሚ ሊቃውንትም በዚያው ዓመት ድርጎው ዘላቂ ቢሆን 1.5 ሚሊዮን ያህል ወላጆች ሥራ ይለቃሉ ብለው ገመቱ። ሌሎች አጥኚዎች ደግሞ ስድስቱ ወር ካለፈ በኋላ መርምረው የጎላ የሥራ መጓደል አላገኘንም አሉ። የዕቃ ዋጋን ነገር በተመለከተ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ በጁን 2022 ዋጋ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በመቶ 9.1 ጨምሮ ነበር። እንቁላልና ዳቦ የሚገዛ ሰው የባይደንን መንግሥት ያማረረበት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሴትዮዋም አማርረዋል።

የሥራውን ነገር ግን ሳስብ ዓይኔ ወደ ተማሪዬ ቅዳሜ ሌሊት ይመለሳል። በቺካጎዎቹ መዝገብ ቢገባ እርሱ ሥራ ከቀነሱት መካከል ይቆጠር ይሆናል። በእውነቱም ቀንሷል። ነገር ግን ከስድስት ሌሊት አምስት ሌሊት መሥራት ስንፍና ተብሎ ይጠራልን? እኔ ይህን አልቀበልም። በአገራችን አባት ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቆርሶ ፊደል ቢያስቆጥር ሥራ ፈታ አይባልም። የዚያ አገር ክርክር የተጣመመው፣ በእኔ አስተያየት፣ የቤት ውስጥ ድካም ዋጋው በዶላር ስላልተጻፈ እንደ ምንም ስለሚቆጠር ነው። ሕፃን መጠበቅ በሰው ቤት ሲሆን ደመወዝ አለው፤ በገዛ ቤት ሲሆን ዕረፍት ይባላል።

ወደ ሴትዮዋ ክስ እመለሳለሁ፤ ክሳቸው ብዙ ነውና። የመጀመሪያው በድምፅ አቆጣጠር ላይ ነው። በ2020ው ቆጠራ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን፣ ዋዮሚንግ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው፤ ለሴኔት የሚልኩት ሰው ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ነው። ይህ በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ትንንሾቹ ግዛቶች እንዳይዋጡ የተደረገ ስምምነት ነው። በዚያ ላይ ከጥቂት ዓይነት የገንዘብ ሕጎች በቀር አብዛኛው ሕግ በሴኔት ክርክሩ ተዘግቶ ለውሳኔ እንዲቀርብ 60 ድምፅ ይጠይቃል። ፕሬዚዳንቱም ቢሆን በ2000ና በ2016 ከተፎካካሪው ያነሰ የሕዝብ ድምፅ ያገኘው ሰው ተሹሟል፤ በ2016 ልዩነቱ ሦስት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ሴትዮዋ ይህን ሲቆጥሩ ተማሪዬ፣ «በ2024 ግን ትራምፕ በሕዝብ ድምፅም በለጡ» ቢላቸው ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እርሱማ ነው የባሰው» አሉት። አቆጣጠሩ ሲያደላ መክሰስ ይቻላል፤ ጎረቤት በፈቃዱ ሲመርጥ ማንን ይከሰዋል?

ሁለተኛው በደመወዝ ላይ ነው። መንግሥት ለመላው አገር የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ይህም ከጁላይ 2009 ጀምሮ አልተነካም። ሕጉ በ1938 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ከወጣ ወዲህ ያለ ጭማሪ ይህን ያህል የቆየበት ጊዜ የለም። እርግጥ ግዛቶች በየራሳቸው ከዚያ በላይ መወሰን ይችላሉ፤ ተማሪዬ የሚኖርበት ሜሪላንድ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ 15 ዶላር አድርጋለች። ወሰኗን ተሻግሮ ፔንሲልቫኒያ የገባ ሰው ግን በ2025 እንኳ ያገኘው ያንኑ 7 ከ25 ነበር። ማርች 5 ቀን 2021 ሳንደርስ ለአገሩ ሁሉ 15 ዶላር ይሁን ብለው ለሴኔቱ ባቀረቡ ጊዜ 42 ሲደግፉ 58 ተቃወሙ። ከተቃወሙት ስምንቱ ከዚያው ከዴሞክራቶቹ ወገን ነበሩ። ሴትዮዋ የስምንቱን ስም በቃላቸው ያውቁታል ይላል ተማሪዬ።

በዚሁ ነገር ላይ ግን እኔን ያስገረመኝ ሌላ ታሪክ አለ። በኖቬምበር 2020 የፍሎሪዳ ሕዝብ ዶናልድ ትራምፕን መረጠ። በዚያው ቀን፣ ያው ሕዝብ፣ የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ 15 ዶላር እንዲደርስ ከመቶ 61 በሚጠጋ ድምፅ ወሰነ። እንግዲህ ቀይ ባርኔጣ ካጠለቁትና ሴትዮዋ ባላጋራ ከሚሏቸው ሰዎች ብዙዎቹ በእጃቸው የእርሳቸውን ሐሳብ ጽፈዋል ማለት ነው። ሰዎቹ ስለ ደመወዝ ብቻ ሲጠየቁ አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ በፓርቲ ስም ሲጠየቁ ሌላ። ይህን የሚያህል ነገር ለዴሞክራቶቹ አለቆች ትምህርት ሊሆን ይገባ ነበር።

ስለ ገንዘብ የሚያቀርቡትን ክስ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በጃንዩዋሪ 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በምርጫ ጊዜ በራሳቸው በኩል የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይችልም ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ እርሳቸው 20 ዶላር በሚልኩበት ሳጥን አጠገብ ሌላው ሚሊዮኖች ያፈስሳል።

የመጨረሻው ቁስላቸው አዲስ ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ሕግ ለልጆች የሚቀነሰውን ግብር ወደ 2,200 ዶላር አሳድጎታል፤ ነገር ግን የጥንቱ አኳኋን ስላልተለወጠ ገቢው ያነሰ ወላጅ ዛሬም ሙሉውን አያገኝም። ከዚያ በኋላ ኦክቶበር 1 ቀን ዴሞክራቶች የሕክምና ዋስትና ለሚገዙ ሰዎች የሚሰጠው ተጨማሪ ድጋፍ ይቀጥል ብለው በጀቱን ስለ ያዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ መዘጋቱም 43 ቀን ቆየ። በመካከሉ 42 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጠቀሙበት የምግብ እርዳታ የኖቬምበሩ ተስተጓጎለ። በመጨረሻ ከዴሞክራቶቹ ወገን ስምንት ሴናተሮች ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ሆነው በጀቱን አሳለፉት። ለድጋፉ የተገኘው ወደ ፊት ድምፅ ይሰጥበታል የሚል ተስፋ ብቻ ነበር፤ ድጋፉም በዓመቱ መጨረሻ ጊዜው አለቀ። ሴትዮዋ የምግብ እርዳታ ተቀባይ ለሆነች ጎረቤታቸው በእነዚያ ሳምንታት ከገዛ ቤታቸው ባቄላና ሩዝ ያቀብሉ ነበር። «እንዋጋለን አሉ፤ ሲርበን ታገሡ አሉን፤ ታገሥን፤ ከዚያ ባዶ እጃቸውን መጡ» ብለው አለቀሱ። አልመርጥም ያሉትም በዚያ ሌሊት ነው።

ለተማሪዬ የጻፍሁለት መልስ ይህ ነው።

«ልጄ ሆይ፣ ሴትዮዋን በቃል ልርታቸው አትበል። የደከመ ሰው በክርክር አይነሣም። ይልቅስ ድርጎው ከወዴት እንደ መጣ አብረህ ከእርሳቸው ጋር ቁጠር። በጃንዩዋሪ 5 ቀን 2021 በጆርጂያ ግዛት ለሁለት የሴኔት ወንበሮች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። ዴሞክራቶቹ ሁለቱንም ባያገኙ ኖሮ 50 አይሞሉም ነበር። አንደኛውን ወንበር ያገኙት ከአራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ድምፅ ውስጥ በ55 ሺህ ያህል ብልጫ ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ሕጉ በሴኔት ሲያልፍ ድምፁ 50 ለ49 ነበር። ያ ልጅ ጫማ ያገኘው በጆርጂያ ደጅ ያንኳኩ፣ ስሙን የማያውቁ ሰዎች በብርድ ስለ ዞሩለት ነው። እርሳቸውም በ2016 እንዲሁ ዞረዋልና ይህን ከእኔና ከአንተ ይልቅ ያውቁታል።

«በአንድ ሰው ድምፅ የመጣው በአንድ ሰው ድምፅ መሄዱንም አትካድ። ይህ እውነት ነው፤ ያስቆጣልም። ነገር ግን እኒያው ማንችን በኦገስት 2022 ሌላ ሕግ እንዲያልፍ ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ በመንግሥት የጡረታ ሕክምና ሥር ላሉ አረጋውያን የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ የወሰነው ያ ሕግ ነው። አንተ በሌሊት የምታስታምማቸው ሽማግሌዎች ኢንሱሊኑን በዚህ ዋጋ ሲያገኙ ታያለህ። ይህን ለሴትዮዋ ማጽናኛ አድርገህ አታቅርበው፤ ለልጅ ጫማ አይሆንምና። እንዲሁ እንዲታወቅ ብቻ ንገራቸው።

«ስለ ራስህ የጠየቅኸኝን ግን በቁርጥ እነግርሃለሁ። ማንን እንደምትመርጥ አልነግርህም፤ በአንድ ሌሊት የሥራ ዋጋ የሚያውቀው የሠራው ነው። መተውን ግን አልመክርህም። እኔ በምኖርበት አገር አባቶቼ የሚገዛቸውን ሰው የመምረጥ መብት ሳያዩ አልፈዋል፤ እኔም ካርድ ይዤ ተሰልፌ ያየሁት ብዙ ጊዜ ከደስታ ይልቅ ኀዘን አትርፎልኛል። አንተ ድምፅህ በ55 ሺህ ብልጫ ነገር በሚለወጥበት አገር ትኖራለህ። እርሳቸው አርባ ዓመት ደክመው ቢያርፉ መብታቸው ነው። አንተ ገና መጀመርህ ነው።

«የልጅህንም ፊደል ከ‹ቀ› አታስቀረው። ቅዳሜ ካልተቻለ ሌላ ቀን ፈልግለት፤ ሩብ ሰዓትም ቢሆን ይበቃል። በስልክ እኔ አስቆጥረዋለሁ።»

ደብዳቤውን ከላክሁ ሁለት ሳምንት ሆነ። ተማሪዬ እስካሁን በጽሑፍ አልመለሰልኝም። ባለፈው እሑድ ግን በአሜሪካ ማለዳ፣ በእኛ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የተናገረው ልጁ ነው። አባቱ ከሥራ ገብቶ ተኝቷል አለኝ። ከዚያም «በ» ብሎ ጀመረ።